የኋላው ወንበር

ሦስተኛው ቢጫ ጀሪካን ጭቃው ላይ ሲጋደም፣ ከሜዳው ዳር በጃንጥላ ሥር የተኮለኮሉት ሾፌሮች በሳቅ አውካኩ። ጀሪካኑን የጣለው ሾፌር፣ ስማቸው፣ ባጃጁን አቁሞ ወረደና አብሯቸው ሳቀ። ምን ቸገረው! እሱ ነፋስ መውጫ መናኸሪያ ተራ ከገባ አራት ዓመቱ ነው። በየሐምሌው በጀሪካኖቹ መሀል መጠማዘዝ ለነባሮቹ ጨዋታ፣ ለአዲስ ገቢ ግን ፈተና ነበር።

አዲስ ገቢዋ ትርሲት አልሳቀችም። አሥሩን ጀሪካን አንድም ሳትጥል ካላለፈች፣ ዓመቱን ሙሉ ከተራው ውጭ ቆማ ሌላው የተወውን ተሳፋሪ ስትለቅም መክረሟ ነው። መንጃ ፈቃዷን ያወጣችው በሚያዝያ፣ በደረቅ መሬት ነው። የምትሠራውም አስፋልት ላይ ስለሆነ ጭቃ ላይ ነድታ አታውቅም።

ባዶ ባጃጅ ጭቃ ላይ ኋላው ይቀልበታል፤ ስለዚህ ሁሉም ሁለት ወዳጆቹን ጭኖ ነው የሚገባው። ለትርሲት ወንድሟ ቢሆነኝ ከወገዳ ጓደኛውን ይዞ ሊመጣላት ቃል ገብቶ ነበር። ከጧት ጀምሮ ስልኩ አይሠራም። ከሾፌሮቹ አንዱን፣ ጓዴን፣ ብትጠይቀው ጫማ ጫማውን እያየ ጉንፋን ይዞኛል አላት። ሌላ ሰው ለመጠየቅ አፏ አልታዘዝ አለ። ሦስት ወር ሙሉ ከነዚህ ሰዎች ጋር አንድ መንገድ ላይ ውላ፣ አንድ ወዳጅ አለማፍራቷ ያን ጊዜ ታወቃትና ሆድ ባሳት።

ለአጥር ከተከመረው ድንጋይ ትልልቁን አራቱን መረጠች። አንድ በአንድ እየታቀፈች የኋላው ወንበር ላይ ደረደረችና ነጠላዋን አለበሰቻቸው። እንዳይታዩባት ነው።

ተራዋ ሲደርስ ገባች። የመጀመሪያዎቹን አራቱን በቀስታ አለፈቻቸው። አምስተኛው ላይ የባጃጇ ኋላ ከዳት። እግሯ ሳታዘው ፍሬኑን ረገጠ፤ ጎማው ቆመ፣ ባጃጁ ግን በጎኑ መንሸራተቱን ቀጠለ። ድንጋዮቹ ሲጋጩ ሰማች። ጀሪካኑ ተነክቶ ተወዛወዘ። የምታደርገው ሲጠፋት እግሯን አነሳች፣ የነዳጁን እጀታም ለቀቀችው። ያን ጊዜ የድንጋዮቹ ክብደት ኋላውን ተጫነውና ጎማው መሬቱን ያዘ። ጀሪካኑም አልወደቀም። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ፍሬን አልነካችም።

የሾፌሮቹ ማኅበር ሰብሳቢ ጋሽ ሞላ መጥተው ነጠላውን ገለጥ አድርገው አዩ። መልሰው ሸፈኑት።

«ነገ ጧት ተራ ያዢ» አሏት።

ሾፌሮቹ ባንድ ጃንጥላ ሦስትም አራትም እየሆኑ ወደ ሻይ ቤት ሄዱ። ማንም ነይ አላላትም።

ስልኳ ጮኸ። ቢሆነኝ ነው። የተሳፈሩበት መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ እንደዋለና ኔትወርክ ያለው ጉብታ ላይ ገና አሁን በእግሩ መውጣቱን፣ ይቅርታ እያበዛ ነገራት። ማለፏን ስትነግረው እልል ሊል ምንም አልቀረው። ከዚያ ጠየቃት።

«ማን ተቀመጠልሽ?»

ትርሲት ወደ ኋላ ዞረች። ነጠላው ርሶ ድንጋዮቹ ላይ ተጣብቋል።

«ሁለት ሰዎች» አለችው። «ደግ ሰዎች ናቸው። አታስብ።»

ስልኩን ዘግታ ድንጋዮቹን ልትመልስ ወረደች። አንዱን ታቀፈችው። ሜዳው ላይ ከጀሪካኖቹ በቀር የቆመ የለም፤ ዝናቡም አላባራም። ድንጋዩን መልሳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ነጠላውን አስተካክላ ሞተሩን አስነሳች።