ደወል የምትደውለው ጌርቲ

ሎርና ስታኪ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታ ጡረታ ስትወጣ፣ አገሩ ሁሉ ድመት ታሳድጋለች ብሎ ነበር። እሷ አሳማ ይዛ መጣች። ሻጩ "ከድመት አትበልጥም" ብሎ ምሎላት ነበር፤ በሦስት ዓመቷ ጌርቲ ሆዷ መሬት የሚጠርግ የስልሳ ኪሎ እመቤት ሆና አረፈችው። ሎርና ግን አንድ ቀን እንኳ ተታለልኩ አላለችም። የሶፋውን ግማሽ ለቀቀችላት። የጓሮው በር ላይ ደወል አንጠልጥላም፣ ውጭ መውጣት ስትፈልግ እንድትደውል አስተማረቻት። ምንጣፉ ላይ የሽንት ጠብታ አርፎ አያውቅም፤ ሎርና በዚህ ስትኮራ ልክ የላትም።

የሚኖሩባት የአሜሪካ አዮዋ ግዛት ከተማ ደንብ ደግሞ ሸኮና ያለው እንስሳ በከተማው አይኖርም ይላል። ደንቡን ቆፍሮ ያወጣው ጎረቤቷ ቨርል ሃገን ነው። አርባ ዓመት አሳማ ያረባ፣ በየዓመቱ የገበሬዎች ትርኢት ላይ አሳማን በጩኸት የመጥራት ውድድር ዘጠኝ ጊዜ ያሸነፈ የምክር ቤት አባል። ቅዳሜ ከሰዓት ምክር ቤቱ ሊወስን ተሰበሰበ። ካልፈቀደ ጌርቲ በሳምንት ውስጥ ከቤቷ ትወጣለች። አዳራሹ የድሮ ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ የደወሉ ገመድ ዛሬም በሩ አጠገብ ተንጠልጥሏል። ሎርና ጌርቲን በማሰሪያ እየመራች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ገባች።

"አንቺን የሚጠላ የለም" አለ ቨርል። "ግን አሳማ አሳማ ነው። ሶፋ ላይ ብታስተኚውም ልቡ ገንዳው ጋ ነው።"

"ልቧን መቼ ጠየቅካት?"

"አሁን ልጠይቃት። በቆሎ ይዣለሁ። ስጠራት ወደ ባልዲው ከመጣች ጋጣ ትግባ፤ ካልመጣች አፌን እዘጋለሁ።"

"ጥራት" አለች ሎርና። የደነገጠችው ከተናገረች በኋላ ነው። ጌርቲ እንኳን በቆሎ፣ የወንበር ትራስም አትምርም። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ማሰሪያውን ፈታች።

ቨርል ባልዲውን መሃል ወለል ላይ አስቀምጦ፣ ደረቱን ነፍቶ ጩኸቱን ለቀቀው። መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ። ጌርቲ ጆሮዋን አቁማ ተነሳች፤ በቀጥታ ወደ ባልዲው አመራች። ሎርና የተፈታውን ማሰሪያ እጇ ላይ ጠቀለለች።

ጌርቲ ባልዲው ጋ ደረሰች። አልቆመችም። አልፋው እስከ በሩ ሄዳ፣ የደወሉን ገመድ በአፏ ይዛ ሳበችው። ደወሉ ጮኸ። ዞር ብላ ሎርናን አየቻትና ደግማ ሳበች።

"ምን ፈልጋ ነው?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ሽንቷ መጥቶ" አለች ሎርና። "ቨርል አስደንግጧት ይሆናል። ቤት ውስጥ አታደርገውም።" ወዲያው ወደ ቨርል ዞረች። "ልጆችህ አውቶቡሴ ላይ ከሚሸኑ እንዲህ ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቨርል ባልዲውን አየ፤ ጌርቲን አየ። ኮፍያውን አውልቆ ሄደና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላት። እሷም ሳትቸኩል፣ ሆዷን እየጎተተች አለፈችው።

"አርባ ዓመት አሳማ ሳረባ" አለ በሩን እንደያዘ፣ "በር የከፈትኩላት ይቺ የመጀመሪያዋ ናት። የኔ ድምጽ ለሷ ነው።"

ከውስጥ "ጸድቋል" ሲባል ሎርና ደረጃው ላይ ነበረች። ጌርቲ ሣሩ ላይ ጉዳይዋን እስክትጨርስ ቆማ፣ በመንገዱ ለሚያልፈው ሁሉ "የኔ ናት" ትል ነበር።