ለማሽን የቆመች ዋስ

ዘሊካ ልጇን ፈርሂያን የሸኘቻት ወደ አረብ አገር ነበር። ቀጣሪዎቹ ግን ደመወዝ እንጨምርልሽ ብለው ከምድር በላይ ወዳለው የሰማይ ጣቢያ ለጽዳት አወጧት። ይሄም ሥራ ሆኖ! እዚያ ላይ ሰውና ማሽን ተጣልተው ጦርነት ከገቡ ወዲህ የልጅቷ ድምፅ ጠፋ። ዘሊካ በምትኖርበት በመካነ ሰላምም ከሰማይ የሚወርድ ሁሉ ይመታ ተብሎ ከከተማው ሜዳ ዳር መድፍ ተተከለ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የዘሊካ ስልክ ጮኸ። «እማ» አለ የፈርሂያ ድምፅ። የሚያወራው ግን፣ ራሱም እንደነገራት፣ ልጅቷን ከጣቢያው ይዛ የምትወርደውን የሰማይ መርከብ የሚነዳው ማሽን ነበር። ልጅዎ ቆስላ ተኝታለች፣ ሜዳው ላይ ላሳርፋት ነውና አይተኩሱብን ብሎ ለመነ። ዘሊካ ጠረጠረች። የልጇን ድምፅ የሰረቀ ምን የማይሰርቅ አለ?

«የልጄን ድምፅ ጣልና በራስህ አውራ» አለችው።

ማሽኑም የማንም ባልሆነ ደረቅ ድምፅ ያንኑ ደገመላት።

ስልኩን እንደያዘች ወደ ሜዳው ሮጠች፤ ሕዝቡም ተከተላት። አትተኩሱ ብላ ብትለምን የመድፉ አዛዥ ሻምበል ካሳ አይሆንም ብሎ ፊት ነሳት። መርከቧ ቦምብ ጭና ቢሆን ከተማው አመድ ነው፤ ዘሊካም ይህን አላጣችውም። የአገሩ አስታራቂ ሼህ ሙሐሲን ግን ስልኩን ተቀበሉና፣ እንደ ወጉ፣ ዋስ ጥራ አሉት። ማሽኑ ዘመድ የለኝም አለ።

«መክዳት ትችላለህ?» አሉት።

«እችላለሁ። ልጅቷን ጥላት ያሉኝን ወገኖቼን ከድቼ ነው የመጣሁት።»

ይሄ ይባስ አስፈራ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ፣ አለ ከሕዝቡ አንዱ። ሼሁ ግን ጢማቸውን እየዳበሱ፣ መክዳት የማይችል ቃል መስጠትም አይችልም፣ ይሄ ይችላል፣ የጎደለው ዋስ ነው አሉ። ዋስ እሆናለሁ የሚል ጠፍቶ ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸ።

ዘሊካ መቀነቷን አጥብቃ ሜዳው መሃል ገብታ ቆመች። «ዋሱ እኔ ነኝ። ከከዳ መጀመሪያ እኔ ልቃጠል።» ሼሁም ዋስነቷን ተቀበሉ። ሻምበሉ ቢተኩስ ፍርስራሹ የሚወርደው በእሷ ላይ ነው፤ ሼሁ የተቀበሉትን ዋስ መስበርም አልደፈረም፤ ጥርሱን ነክሶ መድፉን ዝቅ አደረገ።

መርከቧ እየጮኸች ወርዳ ዘሊካ አጠገብ አረፈች። በሩ ሲከፈት ፈርሂያ ክንዷ በጨርቅ ታስሮ ተጋድማለች፤ ትተነፍሳለች። ዘሊካ ላይዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

«አመኑኝ ማለት ነው» አለ ማሽኑ ከመርከቧ ውስጥ።

ዘሊካ ልጇን እንዳቀፈች ቀና ብላ በጎሪጥ አየችው።

«ወላሂ አላመንኩህም። የሚታመንማ ዋስ ምን ይሠራለታል?»