የአገኘሁ መለኪያ

አገኘሁ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ዳባት ወርዶ ሁለት ቀን ሠልጥኗል፤ ሁለት ሙሉ ቀን! ከዚያ ወዲህ «ቴክኒካሊ» ሳይል ነገር አይጀምርም።

ዓምና ከምንጩ እስከ መንደሩ ቧንቧ ሲቀበር፣ ሁሉም በየማሳው ቦይ ይቆፍር ነበር። አገኘሁ የወይራ ዱላው ላይ በቢላ ምልክት አበጅቶ፣ ቦዩ ዱላውን እስከ ምልክቱ ካልዋጠው የቧንቧውን ላስቲክ አላስጋድምም አለ። ቆብ ለጫኑት ለእማሆይ ወለተ ሥላሴ እንኳ አልራራም። ሦስት ጊዜ ዱላውን ቦያቸው ውስጥ ሰዶ፣ ሦስት ጊዜ «ገና ነው እማሆይ፤ ትንሽ ይቀረዋል» አላቸው። የእሱን ማሳ ግን ማን ይለካ? ለኪውን የሚለካ እናቱ አልወለደችውም።

ዘንድሮ የካቲት ላይ የእማሆይ ቧንቧ ደረቀ። ቤታቸው ከአገኘሁ ማሳ በታች፣ መስመሩ የሚያልቅበት ነው። ሁለት ሳምንት በዚያ ወገባቸው ከወንዝ ጀሪካን አዝለው ወጡ። በመጨረሻ እሱ ዘንድ መጡ።

«ቴክኒካሊ መስመሩ ጤነኛ ነው» አላቸው። ከማሳው በላይ ያለው የእሱ የደጅ ቧንቧ እንደ ልቡ ይወርዳላ! «ነጭ ሽንኩርትዎን ሲያጠጡ ጨርሰውት ይሆናል።»

«የደረቀ ቧንቧ ምን ያጠጣል ልጄ?»

ይህቺ መልስ አንገበገበችው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቄስ ሀብተ ሚካኤልና ሰው ሁሉ ባሉበት፣ «ብልሽቱ ከእኔ ማሳ ከተገኘ፣ የማሳዬን ቦይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብቻዬን እንደገና እቆፍራለሁ! የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!» ብሎ ፎከረ። ስድስቱም ልጆቹ ቆመው ይሰሙት ነበር።

በማግስቱ ሰው ዶማ ይዞ ወጣ። አገሩ ሁሉ በበጋው አመድ መስሏል፤ ከአገኘሁ ማሳ መሀል ግን አንድ ቁራሽ መሬት ለምለም ሣር አብቅላለች። «ገብርኤል የባረከልኝ ናት» እያለ በሬውን ያግጥባት ነበር። ሰው ከላይ እስከ ታች ሲቆፋፍር ረፈደ።

«አንተ ሰው» አለች ሚስቱ ውቢት፣ «ምነው ገብርኤልን ብትተወውና ያችን አረንጓዴዋን ብትቆፍራት?»

በሁለተኛው ዶማ ውሃው ፈንድቶ ፊቱን አጠበው። ላስቲኩ ተተልትሏል።

«ጃርት ናት!» አለ አገኘሁ ፊቱን እየጠረገ።

ቄስ ሀብተ ሚካኤል ጎንበስ ብለው አዩት። «ጃርት ከመቼ ወዲህ ነው ማረሻ የምትይዘው?»

ጥር ማለቂያ ላይ ያንን ማሳ ያረሰው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። እማሆይ ዱላውን ከእጁ ወሰዱና ጉድጓዱ ውስጥ አቆሙት። ከስንዝር አላለፈም፤ ምልክቱ ሽቅብ ቀርቷል። አገኘሁ ዓምና ቦዩን ሲቆፍር ድንጋይ ቢበዛበት፣ ማን ያየኛል ብሎ አፈር እንዳለበሰው ትዝ አለውና እስከ ጆሮው ድረስ አፈረ። የእማሆይ ጀሪካን የዚያን ጊዜ ገና ከበደው።

የተተለተለውን ቆርጠው ላስቲኩን ቀጠሉት፤ በእማሆይ ደጅ ውሃ ወረደ። ሰውም ዶማውን እየያዘ ወደየቤቱ ሄደ፤ ቃል ቃል ነው። አገኘሁ ብቻውን ቆፈረ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ወገቡን ይዞ ቀና አለ። እማሆይ ዱላውን ታቅፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«አሁንስ እማሆይ?»

ቀስ ብለው ተነሡ፤ ዱላውን ሰደዱና በደከመ ዓይናቸው ምልክቱን አተኩረው አዩት።

«ገና ነው ልጄ» አሉት። «ቴክኒካሊ፣ ትንሽ ይቀረዋል።»