ጣት መውጋት የቀረ ዕለት

ልጄ የስኳሬን መጠን ለማየት ጠዋት ጠዋት እየመጣ ጣቴን በመርፌ ይወጋኝ ነበር። እናቱ ካረፈች ወዲህ እጄን የሚይዝ ሰው እርሱ ብቻ ስለሆነ፣ መርፌውን ወድጄው ነበር።

አንድ ቀን ክንዴ ላይ ሳንቲም የምታክል ነገር ለጠፈልኝ። ጥቃቅን መርፌዎቿ ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ይመረምራሉ።

«አባዬ፣ እንኳን ደስ ያለህ፤ መወጋት ቀረልህ! ከእንግዲህ ስኳርህን ቤቴ ሆኜ በስልኬ አየዋለሁ።»

«እኔንስ?»

«አንተማ ምን ትሆናለህ፣ ብረት ነህ!» ብሎ ሳቀ።

ሳምንት ሙሉ ብጠብቀው ስላልመጣ ከክንዴ ላይ ላጥኳት። ወዲያው ደወለ።

«ተላቀቀች እንዴ?»

«አዎን። መጥተህ ለጥፍልኝ።»

«አታስብ አባዬ፣ ሰው እልካለሁ።»

በማግስቱ የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ መጣ። ጓንት አጥልቆ ክንዴን ያዘና አዲስ ለጠፈልኝ።

«አባባ፣» አለኝ፣ «ይህችኛዋ ቢጎትቷትም አትላቀቅም።»