መንገድ መሪዬ አማቴ

አማቱን አፉን ሞልቶ የሚያሞግስ ወንድ ብዙ አላጋጠመኝም። እኔ አሞግሳለሁ። ደስ ያላለው ጆሮውን ይድፈን።

መጀመሪያ ግን የራሴን ጉድ ልናገር። ሾፌር ነኝ፤ መሪ ከጨበጥኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ሰው አልገጨሁም፣ ዕቃ አልሰበርኩም። አቅጣጫ ግን አላውቅም። አንድ መንገድ አሥር ጊዜ ሄጄበት በአሥራ አንደኛው ይጠፋብኛል። አደባባይ ከገባሁማ ሦስት ጊዜ ሳልዞር መውጫው አይታየኝም። ጓደኞቼ «ዙረት» የሚሉኝ ለዚህ ነው። ከዳቦ ቤት የተሰናበትኩት ትኩስ ዳቦ ይዤ ወጥቼ ቀዝቃዛ ዳቦ ስለማደርስ ነበር። ከዚያ የቤት ዕቃ ማመላለስ ጀመርኩ፤ የአንዷን ሙሽራ አልጋ የማላውቀው ሰው ቤት አስገብቼ፣ ገጣጥሜ፣ መልካም ጋብቻ ብዬ ወጣሁ። የዚያን ዕለት ቤት ስገባ ባለቤቴ የቀረንን ብር ጠረጴዛ ላይ ቆጥራ አሳየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛውና የመጨረሻው በር የኦክስጅን ማከፋፈያው ነበር። ቤታቸው ተኝተው ለሚታከሙ ሰዎች ሲሊንደር የሚያደርስ፣ የራሱ ትንሽ የጭነት መኪና ያለው ሾፌር ይፈልጋሉ። እዚህም ካልሆነልኝ መኪናዬን ሸጬ ቤት መዋሌ ነው፤ ይህን እኔም ባለቤቴም እናውቃለን።

ባለቤቴ የመሬት ቅየሳ በሚሠራ ቢሮ ጸሐፊ ናት። ቢሮው ዕቃ ሲቀይር አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሰጧት፤ ማጠፊያው በፕላስተር የታሰረ። ከእሱ ጋር የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ነገር ነበረች፤ ከሥሯ ማግኔት፣ ከጎኗ ረጅም ገመድ አላት። የጂፒኤስ መቀበያ ናት። ገመዷን ላፕቶፑ ላይ ሰክታችሁ እሷን መኪናው ጣራ ላይ ትለጥፏታላችሁ። ሰማዩን ካየች ከሳተላይቶቹ ምልክት ትቀበልና አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ወዲያው ላፕቶፑ ውስጥ ባለው ካርታ ላይ አንዲት ቀይ ቀስት ትወጣለች። ቀስቷ እናንተ ናችሁ። ስትሄዱ ትሄዳለች፣ ስትዞሩ ትዞራለች። ካርታ የሚያሳዩ ስልኮች ገና እጃችን አልገቡም ነበርና፣ እኔን ለመሰለ ሰው ይህ ተአምር ነበር።

ችግሩ፣ መሪ የያዘ ሰው ላፕቶፕ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መንዳት አይችልም። ሞክሬዋለሁ፤ ከአንድ አጥር ጋር ተዋወቅኩ።

«እኔ ልያዘው» አሉ አማቴ።

አማቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የሚሠሩበት ክፍል መስኮት አልነበረውም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ትንንሽ ሳጥን ነው፤ አንድ ረድፍ የአንድ ፖስተኛ ነው፤ ሳጥኖቹ ደግሞ የሚደረደሩት ፖስተኛው በእግሩ በሚሄድበት ቅደም ተከተል ነው። እሳቸው ቆመው ደብዳቤውን በየሳጥኑ ሲከቱ ይውላሉ። የከተማውን መንገድ ሁሉ ከነተራው ያውቁታል፤ በዓይናቸው ያዩት ግን ከቤታቸው ፖስታ ቤት የሚያደርሰውን ብቻ ነው። የቀረውን የሰሙት ከፖስተኞቹ ምሬት ነው። የትኛው ዳገት ወገብ እንደሚቆርጥ፣ የትኛው ግቢ ክፉ ውሻ እንዳለ፣ የቱ ፎቅ ደረጃው ማለቂያ እንደሌለው ሲያማርሩ እየሰሙ ኖረዋል።

ሁለት ወር ተለማመድን። መጀመሪያ ላይ «ወደ ቀኝ» የሚሉኝ ቀኙን ካለፍነው በኋላ ነበር። ኋላ ግን «መቶ ሜትር… ሃምሳ… አሁን!» ማለት ለመዱ፤ «አሁን!» ሲሉ ካልዞርኩ ወዮልኝ። አዲስ መንገድ በገባን ቁጥር አንገታቸውን በመስኮት አስግገው «አሃ! አንቺ ነሽ እንዴ?» ይሉታል፤ በደብዳቤ ብቻ የሚያውቁትን ዘመድ በአካል ያገኙ ነው የሚመስሉት። ደስታቸውን ሳይ ሆዴ ይባባል።

አንድ ጠባይ ነበራቸው። መኪናው በቆመ ቁጥር መቀበያዋን ከጣራ አንሥተው፣ በሻርፓቸው ጫፍ ጠርገው፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይከቷታል።

«እማዬ፣ ለምን ያወርዷታል? ትቆይ እንጂ» እላቸዋለሁ።

«የመሥሪያ ቤት ንብረት ሜዳ ላይ አይጣልም።»

«የመሥሪያ ቤት አይደለችም እኮ፣ የኛ ናት።»

«የኛ ከሆነችማ ይብስ!»

የሙከራው ቀን ደረሰ። የማከፋፈያው ኃላፊ እስክሪብቶ ከጆሮው የማይነጥል ቀጭን ሰው ነው። «ዘጠኝ ቤት ነው» አለኝ። «በሩ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ዘጠኙንም ፊርማ ይዘህ ከደረስክ ሥራው ያንተ ነው።» ከዚያ በሩ ላይ በቀይ የተጻፈውን ጠቆመኝ፤ ሰው መጫን ክልክል ነው ይላል። «ከሲሊንደር ጋር ተሳፋሪ ካየሁ ፊርማህንም አላይልህ። ብቻህን ነህ አይደል?»

«ብቻዬን ነኝ» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ከግቢው ወጥቼ ጎማ ቤቱ ጥግ ስደርስ አማቴ ላፕቶፑን በቦርሳ አቅፈው፣ ቆርቆሯቸውን ይዘው ቆመዋል። አሳፈርኳቸውና ጉዳዩን ነገርኳቸው፤ ስንመለስም እዚያው ጥግ ቢወርዱልኝ ለመንኳቸው። ስለምናቸው ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።

«ምን ችግር አለው ልጄ» አሉ፣ ሳቅ እያሉ። «ደብዳቤ ለዪን ማን አይቶት ያውቃል?»

ሥራው ቅቤ ነበር። ቀስቷ ትሄዳለች፣ እማዬ ያዛሉ፣ እኔ እዞራለሁ። ስምንት ሰዓት ሳይሆን ስድስት ቤት አደረስን። ሲሊንደሩን ተሸክሜ በገባሁ ቁጥር ሰዉ ሲመርቀኝ አንገቴን ቀና አድርጌ እወጣለሁ፤ ዙረት የሚባለው ሰውዬ ሌላ ነው ብዬ።

ከስድስተኛው ቤት ስንነሣ ዝናቡ ወረደ። ትንሽ እንደሄድን እማዬ ላፕቶፑ ላይ አጎነበሱ።

«ግራ ነው ቀኝ?»

«ቆይ… ቀስቷ አልተነሣችም። አሁንም ስድስተኛው ቤት በር ላይ ናት።»

«እየሄድን እኮ ነው!»

«እኛ እየሄድን ነው። እሷ ቆማለች።»

እስኪ ትነሣ ብዬ ነዳሁ። አደባባይ ገባሁ፤ ዞርኩ፤ ዞርኩ፤ በአንዱ ወጣሁ፤ በየትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ። ነገር ዓለሙ ተምታታብኝ። ከኋላ ሦስት ሲሊንደር አለ፣ ሦስት ቤት ይጠብቀኛል፣ ሰዓቱ ይሮጣል። ደሜ ፈላ። መኪናውን ዳር አቁሜ መሪውን በቡጢ እየመታሁ ላፕቶፑንም፣ ሳተላይቱንም፣ የሠራውንም ሰደብኩ።

አማቴ ጠብቀውኝ፣ ስጨርስ ላፕቶፑን ከደኑት።

«ምን ይታይሃል?»

«ዝናብ!»

«ሰሌዳ አንብብልኝ።»

«የጥርስ ሐኪም። አጠገቡ ፎቶ ቤት። እርስዎ አይታይዎትም እንዴ?»

«ዓይኔን ስገልጥ ይምታታብኛል» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ወደ መስታወቱ አነሡና በጣታቸው አየሩን ይነካኩት ጀመር፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ አንድ ወደ ታች። «የጥርስ ሐኪሙ… ፎቶ ቤቱ… አገኘሁት። ሰባተኛው ረድፍ፤ የምንሄድበት ቤትም እዚሁ ረድፍ ላይ ነው። የዚያ የወፍራሙ ፖስተኛ ነው። ከፎቶ ቤቱ ቀጥሎ ዳገት አለ፤ እሱ ዳገት ስለሚጠላ በግራ ይታጠፋል። አንተም በግራ ታጠፍ።»

ምን ምርጫ አለኝ? በግራ ታጠፍኩ።

«አሁን ልብስ ሰፊዋ አለች። ከዚያ ሦስት ቤት ቆጥረህ ሰማያዊ በር። ሰማያዊ ነበር ይሉ የነበረው፤ ቀለሙን ቀይረውት እንደሆነ አላውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ አለች። ሦስት ቤት ቆጠርኩ። በሩ አረንጓዴ ነው፤ ቀለሙ በተላጠበት በኩል ግን ከሥር ሰማያዊው ይታያል። ቁጥሩ የያዝኩት ቁጥር ነው።

ለስምንተኛው ወደ ስምንተኛው ረድፍ ወረዱ። «እዚህ ግቢ ውሻ አለ» አሉኝ። «መቼም ያኛው ሞቷል፤ ግን ከበሩ ራቅ ብለህ አንኳኳ።» ራቅ ብዬ አንኳኳሁ። ከውስጥ የጮኸው ያኛው ይሁን የልጅ ልጁ አላውቅም፤ በሩን ግን ሊገነጥለው ነበር።

ዘጠነኛው መኪና የማያስገባ ስርጥ ውስጥ ነበር፤ የረድፉ የመጨረሻ ሳጥን። ሲሊንደሩን በትከሻዬ ይዤ ገባሁ። አንድ አዛውንት መስኮት አጠገብ ጭንብል አድርገው ተቀምጠዋል፤ የድሮው ሲሊንደር መለኪያ መርፌ ወደ ቀይ ወርዷል። አዲሱን ገጠምኩላቸው። ፈረሙልኝ። ሰዓቱ አሥር ተኩል ሆኗል።

ተመልሼ መኪናው ውስጥ ስገባ ዝናቡ አባርቷል። እስኪ ይቺ ቀስት ምን ነካት ብዬ ገመዱን ከላፕቶፑ ጀምሮ በጣቴ ተከተልኩት። በወንበሩ ሥር አለፈ፣ በእማዬ እግር ዞረ፣ የብስኩት ቆርቆሮው ክዳን ሥር ገባ።

«እማዬ!»

«ምነው?»

ክዳኑን ከፈትኩት። ጥቁሯ መቀበያ በመሀረብ ተጠቅልላ ተኝታለች።

«ወይኔ ጉዴ!» አሉ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው። «ዝናብ እንዳይነካት ብዬ እኮ ነው! ከቆርቆሮ ውስጥ ሰማይ እንዴት ይታያት!»

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። መቀበያዋን ጣራው ላይ ለጠፍኳትና ላፕቶፑን ከፈትነው። አንድ ደቂቃ ቆየች፤ አረንጓዴው መብራት ብልጭ አለ፤ ቀስቷ ከስድስተኛው ቤት በር ላይ ጠፍታ፣ ካርታውን ግማሽ ዘልላ፣ ስርጡ አፍ ላይ ወጣች። እማዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሉት ቦታ ላይ፣ ልክ እዚያው። ሳቄ ቆመ። መስኮት በሌለው ክፍል የኖሩት እኚህ ሴት ቀድመው የደረሱበት ቦታ ላይ ከሰማይ የሚመጣው ምልክት ገና አሁን ደረሰ ብዬ አሰብኩ። አማቴ ሳይሆኑ እናቴ በሆኑ ብዬ የተመኘሁት ያኔ ነው።

ተመለስን። ጎማ ቤቱ ጥግ ስንቃረብ እማዬ ላፕቶፑን ቦርሳው ውስጥ ከተው ለመውረድ ተዘጋጁ።

«አቁም እንጂ። ኧረ አለፍከኝ!»

«ዛሬ አላቆምም።»

«ልጄ፣ ሥራህን ታጣለህ!»

«ልጣ» አልኩ። ከልቤ ነበር።

ዘበኛው በሩን ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ ገባሁ። ግቢው ውስጥ ሲሊንደር ሲያወርዱ የነበሩት ሠራተኞች ቆም ብለው ያዩን ጀመር። ኃላፊው መጣ። መጀመሪያ እማዬን አየ፣ ቀጥሎ ዘጠኙን ፊርማ አየ፣ መልሶ እማዬን አየ።

«ተሳፋሪ ክልክል ነው አላልኩህም?»

«ብለውኛል። ጠዋት ብቻዬን ነኝ ያልኩት ውሸት ነበር። እሳቸው ግን ተሳፋሪ አይደሉም። መንገዱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ እኔ መሪ ብቻ ነው የምይዘው። ሥራውን ከሰጡ ለሁለታችን ይስጡ፤ ከከለከሉም ሁለታችንን ይከልክሉ።» ስለ ቀስቷም፣ ስለ ሰባተኛው ረድፍም ነገርኩት።

ኃላፊው ያመነ አይመስልም። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ የሚኖርበትን መንገድና የፎቁን ቁጥር ነገራቸውና «የት ነው?» አላቸው።

እማዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸው አየር ላይ ሄደ። «አሥራ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከመጨረሻው በፊት ያለችው ሳጥን። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። አምስተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃ ስለሆነ ፖስተኛው አይወጣም ነበር፤ ደብዳቤውን ታች ላለው ሱቅ ጥሎ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ።»

«ለካስ እሱ ነው!» ብሎ ኃላፊው ጭኑን መታ። «አሥር ዓመት ሙሉ ደብዳቤዬን ባለሱቁ ቀድሞኝ የሚያነብልኝ!»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ኃላፊው እስክሪብቶውን ከጆሮው አወረደ፤ ቅጹ ላይ «ሾፌር» ከሚለው በታች በእጁ አንድ መስመር አሰመረና «መንገድ መሪ» ብሎ ጻፈበት። «ተሳፋሪ ነው የከለከልኩት» አለ። «ሠራተኛ አልከለከልኩም። እማማ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

እማዬ ሻርፓቸውን አስተካከሉ። ቅጹን ላፕቶፑ ላይ አስደግፈው ቀስ ብለው ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ። ከዚያ ቀና ሲሉ ሠራተኛው ሁሉ መኪናውን ከቦ ቆሟል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሰው ሁሉ እያየኝ እኮ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ይይዎት፣ እማዬ» አልኳቸው።