ወይኑ የጠራው ጅጊ

እኔ የሻረግ፣ አፌ ክፉ ነው፤ ይህን አገር ያውቀዋል። ገሠሠ ባሌም ሳያውቅ አላገባኝም። ታዲያ ይኸው ክፉ አፌ አንዲት ጊዜ በጎ ሠርቶልኛል። እሱንም ሳላስበው ነው።

ዘመኑ ሰባ ዘጠኝ፣ ወሩ ኅዳር ነበር። ገሠሠን ለዘመቻ ወደ ሰሜን ከወሰዱት ዓመት ከመንፈቅ አልፏል። በደህና ተመልሷል፣ አትጨነቁብኝ፤ ይኸው ከጓዳ ሲያንኮራፋ ትሰሙታላችሁ። ያን ጊዜ ግን በሕይወት ይኑር አይኑር የሚነግረኝ አልነበረም።

እኛ የቆዳ ሰዎች ነን። እሱ እንጨቱን ይጠርባል፣ እኔ ቆዳውን እፍቃለሁ። ከበሮ፣ ወንፊት፣ ስልቻ፣ ጠፍር ከቤታችን ይወጣል። መንደራችን ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ትንሽ ወዲህ ናት። ከበሯችን ቤተ ክርስቲያን ይገባል፣ እኛ ሰው ቤት አንገባም። “ፋቂ” ይሉናል። በሠራሁት ወንፊት ዱቄታቸውን ይነፋሉ፤ በዚያው ወንፊት ነፍቼ የጋገርኩትን ብሰጣቸው ግን አይቀምሱም። እስቲ ይህ ምን ይባላል? እኔ ስም አጥቼለታለሁ።

መሬት ላራሹ ሲታወጅ ለእኛም ሁለት ጥማድ ተለካልን። ገሠሠ ያን ቀን አልቅሷል። ግን መሬት በአዋጅ ይገኛል፣ ጎረቤት በአዋጅ አይገኝም። በእኛ አገር ሰብል ሲደርስ ጅጊ ይጠራል። አንዱ ይጠራል፣ ሰፈሩ ማጭዱን ይዞ ይወጣል፣ የጠራው ያበላል ያጠጣል፣ በሌላ ቀን ደግሞ እሱ ለሌላው ይወጣል። እኛን በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ለጅጊ የጠራን ሰው የለም። ያልተጠራ ደግሞ አይጠራም። ሁለታችን አጎንብሰን ስናጭድ መንገደኛው “እግዜር ይርዳችሁ” ብሎን ያልፋል። እግዜር ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ማጭድ ይዞ አይመጣም።

በዚያ ዓመት ብቻዬን ነበርኩ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ውቤ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ “ሳይታጨድ የቀረ መሬት በሽግሽጉ ለሚያጭደው ይሰጣል” አለ። ሲናገር ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ጤፌ ደርሶ፣ አልፎበት፣ መተኛት ጀምሯል። በአራት ቀን ያጨድኩት የመደብ ስፋት እንኳ አይሞላም። በስተምዕራብ ደግሞ ያለወሩ ደመና ይከመራል። ጤፉ ከሄደ መሬቱ ሊሄድ ነው፤ መሬቱ ከሄደ ገሠሠ ሲመለስ ምን ልለው ነው? “መሬታችንስ?” ሲለኝ?

ወይኑ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ምንጭ የሚያጎለብት ፈረንጅ ነው። ስሙ ኦይን ነው ቢሉን እኛ ወይኑ አልነው፣ ወደደው። “አገሬ አየርላንድ ነው” ሲል ውቤ ከአየር ኃይል የተላከ መስሎት ሳምንቱን ሙሉ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሲሰጠው ከርሟል። አማርኛው ሃያ ቃል ቢሆን ነው፤ ውሃ፣ አካፋ፣ ሰው፣ ጥራ፣ ና፣ ጧት፣ ነገ። ከሁሉ አጥርቶ የሚያውቀው “ነገ”ን ነው፣ ሠራተኞቹ ጧት ማታ የሚነግሩት እሷን ስለሆነ። ብቻ ሰውየው ደግ ነበር። የአንድ ሰዓት መንገድ የነበረውን ውሃ ከደጃችን አድርሶታል።

አንድ ቀን አስተማሪውን ቢሻውን ለአስተርጓሚነት ይዞ ደጄ መጣና ክብ ነገር አቀበለኝ። አይጥ በልቶታል። ወንፊት ነው ብዬ “በምን ጠፍር ልሥራለት?” አልኩ።

“ከበሮ ነው እኮ፤ ባውራን ይለዋል” አለኝ ቢሻው።

“ከበሮ? ሌላው ፊቱስ የት ሄደ?”

ቢሻው ጠየቀልኝና እየሳቀ ዞረ። “ባለ አንድ ፊት ነው። በአገሩ ድሮ ድሮ ከወንፊት ነው የተጀመረ ይላል።”

ፈረንጅ የወደድኩት ያን ዕለት ነው። ከወንፊት! እሰይ! ጥሩ የፍየል ቆዳ መርጬ ዘፈዘፍኩ፣ ጠጉሩን አራገፍኩ፣ ፋቅሁ፣ እርጥቡን ወጥሬ በጥላ አደረቅሁት። ፀሐይ ላይ የሚያደርቅ ሰነፍ ነው፤ ድምፁ ይሰነጠቃል።

እሁድ ከሰዓት ሊወስደው መጣ፣ ብቻውን። ቢሻው የለም። በትከሻው የተሸከመውን ሣጥን ከፍቶ አኮርዲዮን አወጣ። አኮርዲዮን አውቃለሁ፤ ለአብዮት በዓል ኪነቶቹ እንጅባራ ሲያሳዩ አይቻለሁ። የእነሱ ነጭ ጥርስ አለው። የሱ ትንሽ ሆኖ እንደ ኮት ቁልፍ ብቻ የተደረደረበት ነው። አንዱን ቁልፍ ተጭኖ ሲስበው አንድ ድምፅ፣ ያንኑ ተጭኖ ሲገፋው ሌላ ድምፅ። ሲስብና ሲገፋ፣ ሲስብና ሲገፋ፣ እግሬ ሳላዘው መሬቱን መምታት ጀመረ።

ከበሮውንም ራሴ መታሁት። ሁለት ራስ ያላት አጭር እንጨት አስያዘኝና የግራ እጄን በቆዳው ውስጠኛ ፊት አስገባልኝ። ሦስት ሦስቱን እያልኩ፣ በእኛው አመታት፣ ቀጠልኩለት። ሰውየው አበደ። ተነሥቶ እየዘለለ “ጅግ! ጅግ!” ይላል።

እኔ የሰማሁት “ጅጊ” ነው። ደሜ ፈላ። ጤፌን አይቶ የሚያላግጥብኝ መሰለኝ።

“የምን ጅጊ? ለማን? ለእኔ?” ብዬ ማሳዬን በጣቴ አሳየሁት።

“እዚያ? ጅግ?” አለ ማሳውን እያየ፣ ፊቱ በርቶ።

“አዎ፣ እዚያ! ነገ! ነገ ጧት! ሰው ካገኘህ ጥራልኝ እስቲ! ሰንበቴ ላይ የተጎለተውን ሰው ሁሉ ጥራ!”

ነገን ያውቃል። ጧትን ያውቃል። ሰውንም ጥራንም ያውቃል። በሁለት እጁ እጄን ጨብጦ ሄደ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? እኔ ከኋላው “ኧረ ወዲያ!” ብዬ ገባሁ።

የሆነውን ኋላ ነው የነገሩኝ። ወይኑ በቀጥታ ሄዶ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጠላ ከሚጠጡት ሰንበቴዎች ፊት ቆመና ጮኸ፤ “ነገ! ጧት! የሻረግ! ጅግ! ሁሉም ሰው ና!” ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ለፋቂ ጅጊ? የሰንበቴው አለቃ አያ አዝመራው ግን ዋንጫቸውን አስቀምጠው “ውሃውን እየጠጣን ጥሪውን አንንቅም። ነውር ነው” አሉ። በዚሁ ተቆረጠ።

ሰኞ ጧት ማጭዴን ይዤ ብወጣ ደጄ በሰው ተሞልቷል። አርባ ቢሆኑ ነው። ውቤም አለ፣ እናቱ እሜቴ ደጊቱም አሉ። ጤፌን አጭደው መሬቴን ሊካፈሉ የመጡ ነው የመሰለኝ። ማጭዴን አንሥቼ “አንድ ሰው እግሩን ያስገባና ያያታል! ባሌ ስለናንተ እየተዋጋ...” ብዬ የማልናገረውን ሁሉ ተናገርኩ።

አያ አዝመራው ሰምተው ሰምተው “ምነው የሻረግ፣ ጅጊ ጠርተሽ ትሳደቢያለሽ?” አሉኝ።

“እኔ? ጅጊ?”

በዚህ መሐል ወይኑ አኮርዲዮኑን አንግቦ፣ ባውራኑን በብብቱ ይዞ መጣ። ከኋላው ቢሻው በተተኮሰ ሱሪና በተወለወለ ጫማ ይከተላል። ማጭድ የለውም። አርባውን ማጭድ ሲያይ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ጠጋ አለኝና በጆሮዬ “ጅግ ማለት በነሱ የዘፈን ዓይነት ነው፤ ሰውን የጠራው ለጨዋታ ነበር። ዝም ልበል?” አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዝም በል ልለው ነበር። ደመናው አናታችን ላይ ደርሷል። አርባ ማጭድ ከፊቴ ቆሟል። አንዲት ዝምታ ብቻ ጤፌንም መሬቴንም ታተርፍልኝ ነበር። ግን ነገ ይሰማል፣ አይቀርም፤ ያኔ “ፋቂዋ አታለለችን” ይባላል፣ እስከ ልጅ ልጅም አይረሳም። ደግሞም አፌ ነው፤ መቼ ታዞልኝ ያውቃል?

“ስሙኝ!” አልኩ። “እኔ አልጠራኋችሁም። ወይኑም የጠራችሁ ለዘፈን ነው፣ የዘፈኑ ስም ጅግ ነው አሉ። እኔ ጅጊ ብጠራማ ማናችሁ ትመጡልኝ ነበር? አንዳችሁም! ተሳስታችሁ ነው የመጣችሁት። የሚመለስ ይመለስ።”

ውቤ ማጭዱን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ዞረ። ሦስት አራት ሰው ተከተለው።

“ቆዩ” አሉ አያ አዝመራው። “ቢሻው፣ ፈረንጁ ምን ብሎ ጠራ?”

“ጅግ፣ አያ።”

“እኛስ ምን ሰማን?”

“ጅጊ።”

አያ አዝመራው በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ። ጎንበስ ብለው በማጭዳቸው ጫፍ አፈሩ ላይ ሁለት ፊደል ጻፉ። “ይቺ ‘ግ’ ናት፣ እግር የላትም። ይቺ ‘ጊ’ ናት፣ እግር አላት። ፈረንጁ እግሯን ረስቷል፣ እኛ በእግራችን መጥተን ሞልተንለታል። ማጭድ ይዞ የወጣ ሰው ሳያጭድ ቢመለስ ሚስቱ ምን ትለዋለች? በሉ ግቡ!” አሉና ቀድመው ገቡ።

ወይ ጉድ! ከዚያ የሆነውን ብታዩ! ወይኑ ምን እንደተፈጠረ ቢሻው ሲነግረው መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ እየሳቀ ነዶ ላይ ተቀምጦ መጫወት ጀመረ። እኔ ከበሮውን ያዝኩ። ሲስብ ሲገፋ፣ ሦስት ሦስቱን፤ ማጭዶቹ አንድ ላይ ገብተው አንድ ላይ ይወጣሉ። አጫጆቹ በአገውኛ የአጨዳ ዜማቸውን ደረቡበት፣ ገጠመ! ልክክ አለ! ቢሻው ጫማውን አውልቆ ነዶ ያስራል። ውቤስ? አጥሩ ሥር ትንሽ ቆመና እናቱ “አንተ፣ ወገብህን አሞሃል?” ሲሉት ገባ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሌላ ጣጣ መጣ። ጅጊ ያለ ምሳ አይሆንም፣ ቤቴ ደግሞ ከድንች በቀር የለም። ጠላ የለ፣ እንጀራ የለ። ቢኖርስ ማን ይበላልኛል? ዝም ብዬ ትልቁን ድስት ሞልቼ ድንች ቀቀልኩና ከመሐል አስቀመጥኩት። እጅ የዘረጋ የለም። ወይኑ ብቻ ዘሎ አንዱን ከነልጣጩ ጎረሰ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሰው ሳቀ፤ ግን ማንም አልነካም። እንባዬ መጣ፣ ዋጥኩት።

እሜቴ ደጊቱ ተነሡ። የእኚህ ሴት ቤት በሠራሁት ወንፊት ተሞልቶ ደጃቸውን ረግጬ አላውቅም። አንድ ድንች አንሥተው “ልጣጭ አለው እኮ። ውስጡን እጅ አልነካውም” አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው። ልጣጩን ላጡና ነከሱ። ሰበቡ ከተገኘ ማን ይታገሣል! አርባ እጅ ድስቴ ውስጥ ገባ። በሰበቡ ልናደድ ይገባኝ ነበር፤ አልቻልኩም። ከገዛ ድስቴ ሰው ሲበላ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፣ ቆሜ ብቻ አየሁ።

እሜቴ ወደኔ ዞሩ። “ጨው የለሽም?” አሉኝ።

ሮጬ ገብቼ ከማሰሮው ዘግኜ ወጣሁ፣ ዕቃ መፈለግ እንኳ ረስቼ፣ በመዳፌ። እጄን ዘርግቼ ደነገጥኩ። እሳቸው መዳፌን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ የተላጠውን ድንች መዳፌ ላይ ባለው ጨው ነክረው በሉ። ጨው ልጣጭ የለውም። ያየ ሁሉ አየ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጤፉ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ክምሩ ተከድኖ ነበር። ዝናቡ የወረደው ሰዉ ቤቱ ሊገባ ሲል ነው። ደጄ ላይ ሆኜ ክምሬን እያየሁ ረጠብኩ፣ አልገባም አልኩ። ገሠሠ ሲመለስ የምለው አግኝቻለሁ።

ግን የምነግራችሁ ይህን አይደለም። ሐሙስ ዕለት ቆዳ እየፋቅሁ ሳለ ከአጥሩ ውጭ ድምፅ ሰማሁ። እሜቴ ደጊቱ ናቸው፣ በትራቸውን ተደግፈው።

“የሻረግ! ነገ የውቤን ዳጉሳ እናጭዳለን። ማጭድሽን ይዘሽ ነይ።”

የሰማሁትን አላመንኩም። አንድ ጊዜ ተሳስቶ የመጣ ሰው አይቼ የለ? እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ወደ አጥሩ ሄድኩ።

“እሜቴ፣ የትኛዋ ናት? ጅግ ናት ጅጊ?” አልኳቸው።

“ባለ እግሯ” አሉኝ።

አፌ፣ ያ አገር የሚፈራው አፌ፣ ጠፋኝ። እሜቴ ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ቆሜ አየሁ፤ ከዚያ ገብቼ ማጭዴን ልሞርድ ተቀመጥኩ።