የናርጊስ ቀኝ ዓይን

«ሐኪሙ ካዳናት ሰማዕቱ ምን ቤት ነው?» አለ ዋሂብ ቂጣውን ባቄላው ውስጥ እየነከረ።

እናቱ ጋሊላ ይህን የመሰለ ምላስ ከየት እንደወረሰ አባቱን መቃብር ሄዳ እንደምትጠይቅ ነገረችው። ጭቅጭቁ የተጀመረው ገና ቁርስ ሳይቀርብ ነበር። የዋሂብ ሚስት ናርጊስ በመሀላቸው ተቀምጣ ሻይ ትቀዳለች። የሚያጨቃጭቃቸው የእሷ ዓይን ሆኖ ሳለ እስካሁን አንድ ቃል የጠየቃት የለም።

በመስከረም መጨረሻ ለከብቶቹ የሸንኮራ ቅጠል ስትገፍፍ አንዱ ቅጠል ቀኝ ዓይኗን ሸረከታት። በሦስተኛው ቀን ጥቁሩ ላይ ነጭ ነገር ወጣበትና ብርሃን ጠፋ። ያን ጊዜ ዋሂብ፣ ከእጁ ፍርፋሪ የማይወድቀው ዋሂብ፣ ሰማዕቱ ማር ጊርጊስ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሥዕሉን በእጁ እንደያዘ ምእመኑ እየሰማ ዓይኗ ከበራ ወይፈኑን እሰጣለሁ ብሎ ተሳለ። ወይፈኑ ያኔ አጥንቱ የሚቆጠር ነበር። አሁን ግን ዓይኗ ጠርቷል፣ ወይፈኑም ሰብቷል፣ የሰማዕቱ በዓልም የፊታችን እሑድ ነው። ዋሂብ በዕድሜው ሐኪም አመስግኖ አያውቅም፤ በዚህ ሳምንት ግን የከተማውን የዓይን ሐኪም ስም ከአፉ አልነጥለው ብሏል።

ጋሊላ ደግሞ ለመንደሩ ሁሉ አንድ ጠብታ መድኃኒት ያልነካው ዓይን በተባረከ ዘይት በራ ብላ አውርታ ጨርሳለች። ቤተ ክርስቲያኑ በየዓመቱ የሰማዕቱን ተአምራት ከነባለታሪኮቹ ስም ያሳትማል። የአክስቷ ልጅ የጉልበቷ ፈውስ ከሦስት ዓመት በፊት እዚያ መጽሐፍ ላይ ወጥቶላታል፤ ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ በሠርግም በለቅሶም ከፊት ነው የምትቀመጠው። ዛሬ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ አቡና ኤርምያ የናርጊስን ቃል ሊጽፉ ይመጣሉ።

«አንቺ ራስሽን ብቻ ነቅንቂ፤ ንግግሩን ለኔ ተዪው» አለቻት ጋሊላ።

ናርጊስ ቀና አላለችም። በሩ አጠገብ የማዶዋ ጎረቤት ኡም ሰኢድ ተቀምጣለች። እርሾ ልትበደር መጥታ፣ ጠቡ እስኪበርድ ብላ እዚያው ቀርታለች። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ፣ በቀን አራት ጊዜ መንገዱን እያቋረጠች የናርጊስን የዓይን ቆብ ከፍታ የሐኪሙን ጠብታ የጨመረችላት እሷ ናት። ዋሂብ እርሻ ይውላል፤ የጋሊላ እጅ ይንቀጠቀጣል። ጋሊላ ይህን አልዘነጋችውም። ብቻ መድኃኒት የምትለው በውኃ የሚዋጠውን ነው፤ ጠብታን ዓይን ከመታጠብ ለይታ አታየውም። ኡም ሰኢድ ሁሉንም ሰማች፤ ምንም አላለችም። ናርጊስን ያሳፈራት ይህ ዝምታ ነበር። ዛሬ ራሷን ከነቀነቀች፣ ያቺ ሴት ያን ሁሉ ቀን ደጃቸውን አልረገጠችም ማለቷ ነው።

አቡና ኤርምያ መጡ። መስቀላቸውን አሳለሙ፤ ተቀመጡ፤ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ዋሂብ የሰጣቸውን የሐኪሙን ወረቀት አገላብጠው አዩና ናርጊስን መድኃኒት አድርጋ እንደሆነ ጠየቋት።

«ምንም አልነካትም፣ አቡና» አለች ጋሊላ።

«እሷን ነው የጠየቅሁት፣ እማማ ጋሊላ።»

ናርጊስ የሻዩን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠች።

«ሃያ አንድ ቀን፣ በቀን አራቴ ጠብታ ተደርጎልኛል» አለች። «የጨመረችልኝ ኡም ሰኢድ ናት። ማታ ማታ ደግሞ እማማ ዘይቱን ቀብተውኛል። የትኛው እንዳዳነኝ አላውቅም። ሁለቱም ያቃጥሉ ነበር።»

አቡና ብዕራቸውን ከደኑ። ጋሊላ ጠብታ መድኃኒት እንደማይባል ልታስረዳቸው ሞከረች፤ እሳቸውም በትዕግሥት ሰሟት። ከዚያ እዚህ ደብተር ላይ የሚገባው የሐኪም እጅ ሊሠራው የማይችለው ብቻ እንደሆነ ነገሯት። ሐኪም ያከመውን ለሰማዕቱ ቢጽፉ፣ ያነበበ ሰው እውነተኛውንም አብሮ ይጥለዋል።

«እንግዲያ ማር ጊርጊስ እጁን አጣጥፎ ነበር የተቀመጠው?» አለች ጋሊላ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እንደሱ አላልኩም። አልጽፈውም ነው ያልኩት። እርስዎ ማታ ማታ የለመኑትን እሱ ሰምቷል፤ እንዴት አድርጎ እንደሰማ ግን እኔ ልፈርም አልችልም።»

ጋሊላ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። ዋሂብ ግን ፊቱ እንደ በዓል ልጅ በራ። ለአቡና ስኳር የበዛበት ሻይ በገዛ እጁ አቀረበ። ተአምር ካልሆነ እንግዲህ የወይፈኑም ነገር እዚሁ ላይ ያበቃል ብሎ በትሕትና ተናገረ።

አቡና ሻዩን አማሰሉ። «ስትሳል ምን ነበር ያልከው?»

«ቀኝ ዓይኗ ፊቴን ካየ ብዬ...»

«ያለ ሐኪም ብለሃል?»

ዋሂብ የስኳሩን ዕቃ ወደ ራሱ ሲስብ አቡና ወደ ሚስቱ ዞሩ።

«እስቲ ግራሽን ሸፍኚና እዪው፣ ናርጊስ።»

ናርጊስ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ከደነች። ባሏን እንዲህ ትክ ብላ ካየችው ብዙ ጊዜ ሆኗታል። ለአቡና ሲል ተላጭቷል፤ ሽበቱ ከጆሮው በላይ ጨምሯል፤ እንደ ተማሪ ልጅ ፈርቷል።

«አገጭህ ሥር ሳትላጭ የተውከው ጠጉር አለ» አለችው። «ሦስት ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት አቡና ነበሩ። ጋሊላ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ዋሂብ አገጩን ዳሰሰ፤ ሦስቱንም አገኛቸውና እሱም ተሸነፈ። ለመስጠቱማ እሰጣለሁ አለ፤ ቆዳውን ግን ለራሴ ላስቀረው ብሎ ጠየቀ። አቡና ቆዳው ያንተ ይሁን አሉት።

ከዚያ ወሬው ሁሉ ድግስ ሆነ። ጋሊላ ትልልቆቹ ድስቶች ማን ቤት እንዳሉ በጣቷ ትቆጥር ጀመር። ሥጋው ለመንደሩ ሁሉ እንዲዳረስ ከሩዝና በመረቅ ከራሰ ቂጣ ጋር ይቅረብ አለች። ከቅዳሴ በኋላም ወይፈኑን ማን እንደሰጠ በድምፅ ማጉያ ይነገር እንደሆነ አቡናን በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀች። ዋሂብ ስሙ ከእሷ ስም በፊት ይጠራ አለ፤ እናትና ልጅ እንደገና ተያያዙ። ናርጊስ ለአቡና ሁለተኛ ሻይ ቀዳች። ኡም ሰኢድ እርሾውን በጎድጓዳ ሳህን ይዛ ተነሣች፤ ደፉ ላይ ጫማዋን አጠለቀችና መንገዱን ተሻግራ ቤቷ ገባች።